ዓርብን አዲስ አበባ ላይ እንዴት ልያዘው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ ነው የምጽፈው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የ6 ዓመት ልጅ ሆኜ ከአዲስ አበባ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አገሬን አላየሁም። ዘንድሮ ከስግድ (ከኛ ከቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁድ በዓል) በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ ለ3 ሳምንት እመጣለሁ። ቦሌ አካባቢ ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ ይዣለሁ። ሰንበት፣ ቅዳሜን ማለቴ ነው፣ አከብራለሁ። ባለቤቴ ‹ፕላታ ይዘሽ ሂጂ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹እኛ መቼ ነው በሰንበት የሞቀ በልተን የምናውቀው› ትላለች። ዓርብ ምን ልግዛ? ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ዘመዶቼ ቅዳሜ ቡና ቢያፈሉልኝስ?»

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ልበልሽ። ላለፉት 14 ዓመታት የትውልድ መንደራቸውን ለማየት ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ሰዎችን ይዤ እመላለሳለሁ። እኔም ቤተ እስራኤል፣ የጎንደር ልጅ ነኝ። በነዚህ ጉዞዎች ከመንገዱም ከማረፊያውም በላይ የሚያሳስበኝ ዓርብ ነው። አጭሩ መልሴ ይኸውልሽ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ፕላታውን ነታንያ ተይው። ረጅሙን ደግሞ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ፕላታ ማለት ዓርብ ማታ ሰንበት ሳይገባ ተሰክቶ እስከ ማግስቱ ምግብ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው። እስራኤል ውስጥ ሰንበት በሚያከብር ቤት የተለመደ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን አያዋጣም። የእስራኤሉ ባለ ሦስት እግር ስፒና እዚህ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ማቀያየሪያ ይፈልጋል። እሱስ ይገዛል። የማይገዛው መብራቱ ነው። መብራት ይጠፋል። ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቢመጣ፣ ወጡ ለብ ብሎ አድሮ ጠዋት ሲሸት ታገኚዋለሽ። በሰንበት ደግሞ ሌላ ነገር አትሠሪም።

ሌላው ነገር ሰው ነው። አንድ ጊዜ 9 ሰዎች ይዤ ነበር። ዓርብ ምግባችንን ሠርተን፣ ፕላታ ላይ ደርድረን፣ ሻማ አብርተን ጸሎት ላይ ቆምን። የጽዳት ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ገባች። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ የጋለ ነገር አየች። ደነገጠች። ነቀለችው። «ረስታችሁት ነው መሰለኝ፣ ቤት ሊቃጠል ነበር» ብላ ደስ እያላት ነገረችን። ምን ትያታለሽ? ያደረገችው ትክክል ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ቀድሜ አልነገርኳትም። «መልሰሽ ሰኪው» ልላት ደግሞ አልችልም። በሰንበት ሌላውን ሰው «አብራልኝ፣ አጥፋልኝ» ብሎ ማዘዝ በሕጉ አይፈቀድም። ያን ሰንበት ልጆቹ ቀዝቃዛ ሩዝ በሉ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሳልናገር ዓርብን አልጠብቅም።

አሁን ወደ እናትሽ ነገር ልምጣ። እኛ ያደግንበት ሰንበት እሳት የሌለበት ነበር። ዓርብ ሴቶች ከወትሮው ቀድመው ይነሳሉ። ዳቦ ይጋገራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ውሃ ይቀዳል። ከሰዓት በኋላ ወንዝ ተወርዶ ልብስ ይታጠባል፣ ገላ ይታጠባል። ፀሐይ ሳትገባ ምድጃው ይጠፋል። ቅዳሜ የሚበላው ዓርብ የተሠራው ነው፤ ቀዝቅዞ። የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን የሚያነቡት ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ሰንበትን እንደ ሴት ነው የሚናገርላት። እንግዳ ልትመጣ ነው ተብሎ ቤት እንደሚሰናዳው ለእሷም ይሰናዳል። መጽሐፈ ኩፋሌም በመጨረሻው ምዕራፉ ሰንበት ላይ እሳት ማንደድን፣ መንገድ መሄድን፣ እንስሳ መጫንን፣ መጾምንም ጭምር ይከለክላል።

የሻማው ነገር ራሱ እስራኤል ከገባን በኋላ የመጣ ነው። አያቶቻችን ለሰንበት ያጠፉ ነበር እንጂ አያበሩም ነበር። አንቺ ማብራት ለምደሻል፤ አብሪ። ግን የፕላታው ጭንቀት ሲይዝሽ ይህን አስቢ። መብራት የሚሄድ የሚመጣበት አገር ላይ የሚሠራው ሰንበት ያ የእናትሽ ሰንበት ነው። እዚሁ አፈር ላይ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ቀዝቅዞ የሚጥም ምግብ ላይ አተኩሪ። የአገራችን የጾም ገበታ በዚህ ሀብታም ነው። አዚፋ ከነሰናፍጩ ቀዝቃዛ ነው የሚበላው። የሱፍ ፍትፍት እንደዚሁ። ቲማቲም ፍትፍት፣ የተቀቀለ ድንችና ቀይ ሥር፣ የተቀቀለ እንቁላል። ሽሮም ቢሆን ወፈር ተደርጎ ተሠርቶ ሲቀዘቅዝ በእንጀራ ይበላል። እኔ እንዲያውም አዚፋ ያለ ሰንበት አይጥመኝም።

ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ዓርብ የክርስቲያኑ ጾም ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የገና ጾም ይገባል። ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱ ይኖራል። ይህ ማለት ግን ካሸር፣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ፣ ነው ማለት አይደለም። ድስቱ ትናንት ቅቅል ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቤትም ጾም በሌለበት ቀን ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል ያደርጋል። እኔ ለራሴ ውጭ የሚበላው ላይ ጥብቅ ነኝ፤ ድስቴን ከቤቴ ይዤ ነው የምመጣው። አንቺም አንድ መካከለኛ ድስት፣ አንድ ቢላ፣ አንድ ማማሰያ ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺ። እዚህ አዲስ የብረት ዕቃ ብትገዢ፣ በሕጋችን ከመጠቀምሽ በፊት ውሃ ውስጥ የመንከሩ ጣጣ አለበት፤ ለ3 ሳምንት ምን አለፋሽ።

ስታበስዪ አንድ ነገር እንዳትረሺ። ነታንያ ከባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስሩ ይበስላል፤ ሽንብራና ባቄላ ግን ያቆይሻል። የመጀመሪያው ዓርብ ላይ «ለምን አይበስልም?» ብለው ከድስት ጋር የሚጣሉ ብዙ ሴቶች አይቻለሁ። ሐሙስ ማታ ዘፍዝፊው፤ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣጂው። መብራት ከጠፋ ማረፊያውን የከሰል ምድጃ ጠይቂ፤ ብዙ ግቢ ውስጥ አይጠፋም።

ዓሣ ካማረሽ ሙሉውን፣ ቅርፊቱ ያልተነሳውን ግዢ። ቆሮሶ ቅርፊትም ክንፍም አለው፤ ይበላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አይሆንም። ተቆርጦ ቆዳው ተገፎ ከመጣ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው እህቴ» ይልሻል። ለእሱ አንድ ነው። አንቺ ቅርፊቱን ካላየሽ እለፊው።

ሥጋን ተይው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን እንደዚህ አገር የሚቀል የለም። እዚህ የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የሙስሊም ሥጋ አለ፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ማንም አይቀየምም። «እኔም የራሴ እርድ አለኝ፣ እዚህ አላገኘሁትም» ካልሽ በአንድ አፍታ ይገባቸዋል። አውሮፓ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ማብራሪያ እዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

ዳቦው ላይ ትንሽ ልቆይ። ለሰንበት ማዕድ ሁለት ሙሉ ዳቦ ያስፈልግሻል። እንጀራ አይተካውም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በረቢዎቹ፣ በአይሁድ መምህራን፣ ሕግ የዳቦ ቡራኬ የሚባልባቸው እህሎች አምስት ናቸው፤ ስንዴና ገብስ አሉበት፣ ጤፍ የለበትም። ስለዚህ ሁለቱ ዳቦዎች የስንዴ ይሁኑ፤ እንጀራው ለወጡ ይቅረብ። ዳቦ ቤት ከገዛሽ ምን እንደገባበትና መጥበሻው በምን እንደተቀባ ጠይቂ። የኔ ምክር ግን ራስሽ ጋግሪው ነው። ፉርኖ ዱቄት ሱቅ ሁሉ አለ። እርሾ አለ። ኮባ ቅጠል ገበያ ታገኚያለሽ። ዱቄቱን በወንፊት ንፊው። ሁለት ትንንሽ ድፎ ጋግሪ። ሽታው ግቢውን ሲሞላው ጥበቃውም አከራይዋም ብቅ ይላሉ። ሦስተኛ ዳቦ ጋግሪና ለነሱ ስጪ። ቅዳሜ ጠዋት በርሽን የሚጠብቅልሽ ያ ዳቦ ነው።

ለቂዱሽ፣ ሰንበት ሲገባ በወይን ላይ ለሚባለው ቡራኬ፣ የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ አትግዢ፤ ካሸር አይደለም። ትንሽ ጠርሙስ የወይን ጭማቂ ሻንጣ ውስጥ ይዘሽ ነይ። ከተሰበረብሽም አትደንግጪ። ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚወጣው መጠጥ በሕጉ ለቂዱሽ ይሆናል፤ ዘቢብ ደግሞ እዚህ የታወቀ ነው። እሱም ባይኖር ዓርብ ማታ በዳቦው ላይ ቂዱሽ ይባላል።

ግዢሽን ሐሙስ ጨርሺ። በተለይ መርካቶ ከሄድሽ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ የጁምዓ ሰጋጅ መንገዱን ይሞላዋል። ሰው እየሰገደ ታክሲ ውስጥ ሆኖ መቆጣት ነውር ነው፤ አንቺ ነሽ ቀንሽን ማስተካከል ያለብሽ። ከሰዓት በኋላም መንገዱ ይጨናነቃል። ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ማረፊያሽ ውስጥ ካልሆንሽ ልብሽ መምታት ይጀምራል። ሹፌሩን «ሰንበት ይገባብኛል፣ ፍጠን» ብትዪው አይፈጥንም፤ ያው ቆሟል።

አንድ ነገር ብቻ ለዓርብ ተዪ፦ ሻማ። ሰፈርሽ ሱቅ ሄደሽ ግዢ። ሱቋ ውስጥ ያለችው ልጅ «ደግሞ መብራት ጠፋ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ወይ ደግሞ «ለቤተ ክርስቲያን ነው?» ብላ ጧፍ ታወጣልሻለች። ጧፍ ቶሎ ያልቃል፤ ወፍራሙን ሻማ ጠይቂ። ያኔ ወሬ ይጀመራል። አንቺ የፈራሽው ጥያቄም እዚያ ይመጣል።

«ሰንበት አከብራለሁ» ካልሽ ብዙ ሰው እሑድን ነው የሚያስበው። «ቅዳሜን ነው የማከብረው» በይ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ እመኚኝ፣ «አድቬንቲስት ነሽ?» ነው። ሰዎቼን ሁሉ ይህ ጥያቄ ያስደነግጣቸዋል። ክፋት የለበትም፤ ቅዳሜን የሚያከብር ሲባል ከተማ ውስጥ የሚያውቁት እነሱን ነው። እናቶችን ካገኘሽ ግን ሌላ ነው። «ቀዳሚት ሰንበትን ነው የማከብረው» ብትዪ ፊታቸው ይፈታል። ቅዳሜ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ወስናለች። የገጠር እናት ቅዳሜ አትፈጭም፣ አትወቅጥም። ስለዚህ ባዕድ ነገር እየነገርሻቸው አይደለም። የሚያውቁትን ነገር ጠበቅ አድርገሽ እንደያዝሽ ነው የሚያዩሽ።

«ቤተ እስራኤል ነኝ» ልበል ወይ ለሚለው፣ ያንቺ ምርጫ ነው። እናትሽ «ዝም በይ» ብለውሽ ይሆናል። ለምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኛን ፈላሻ፣ ቡዳ እያሉ የሚሸሹበትን ዘመን አይተዋል። ያ ቁስል ሐሰት አይደለም፤ እናትሽን አትከራከሪያቸው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። የምተኛበት ቤት ላሉ ሰዎች ሙሉውን እነግራለሁ። ለባለ ሱቋ ቅዳሜን ማክበሬን ብቻ። ለታክሲ ሹፌር ምንም። በ14 ዓመት ውስጥ ነግሬያቸው ያፈርኩባቸው ማረፊያዎች የሉም። እንዲያውም «ጎረቤቶቻችን ነበራችሁ እኮ» ብለው የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች አጋጥመውኛል።

ሐሙስ ለማረፊያው ሰዎች የምትነግሪው ይህን ነው። ምድር ቤት ክፍል ስጡኝ። በሩ በካርድ የሚከፈት ከሆነ ቀድመሽ እወቂ፤ የብረት ቁልፍ ያለው ክፍል ይሻላል። መታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቶ ይደር፣ ማንም አያጥፋው። ክፍሌን ቅዳሜ አታጽዱ። ስልክ አላነሳም፣ ታምሜ አይደለም። ይህቺን የመጨረሻዋን አጥብቂ። ዘመድ ደውሎ ሲያጣሽ ማረፊያውን ይጠራል፤ እነሱ በር ሊሰብሩ ይደርሳሉ። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን አምፖል፣ በሩ ሲከፈት እንዳይበራ፣ ዓርብ ፍቺው። የፍል ውሃ ቧንቧውን አትንኪ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፋኖስ አብርተሽ ጥግ ላይ አስቀምጪ፤ ሻማው ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ በጨለማ አትደናበሪም። ሻማውን ከመጋረጃ አርቀሽ፣ በብረት ትሪ ላይ አድርጊው። ለጥበቃው ጉርሻ የምትሰጪ ከሆነ ዓርብ ስጪው፤ ቅዳሜ ገንዘብ አትነኪም። መንገድ ላይ ለሚለምኑትም እንደዚሁ።

ቡናው ነው ከባዱ። ዘመዶችሽ ከ30 ዓመት በላይ ጠብቀውሻል። ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ላንቺ ብሎ ሌላ ሰው በሰንበት ያነደደው እሳት ላይ የተፈላ ቡና አትጠጪም። ይህን ሲኒው እጅሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ብትናገሪ ታስቀይሚያቸዋለሽ። «በሞቴ» ይላሉ። ከ«በሞቴ» ጋር ክርክር የለም፤ አንዴ ከተባለ ተሸንፈሻል። ስለዚህ እዚያ እንዳይደርስ አድርጊ።

እንዲህ በይ፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ለሁሉም ታላቅ የሆኑትን ደውለሽ፦ «እትዬ፣ ቅዳሜን እሳት ሳልነካ ነው የማሳልፈው። ሃይማኖቴ ነው። ቡናውን ቅዳሜ ማታ፣ ኮከብ ሲወጣ እጄን ታጥቤ እኔ ነኝ የማፈላልዎ።» ሦስት ነገር ሠራሽ። ምክንያቱን ሃይማኖት አደረግሽው፤ እዚህ አገር «ጾም ነኝ» ያለን ሰው ማንም አያስገድድም። ሌላ ሰዓት ሰጠሽ። ክብሩን ደግሞ ለሳቸው መለስሽ። ትልቋ ከተቀበሉ ሌላው ይከተላል።

ቅዳሜ ጠዋት የግድ እንመጣለን ካሉ ይምጡ። ደስ ይበልሽ። ዓርብ ቡና አፍልተሽ ፔርሙስ ውስጥ አስቀምጪ፤ ለነሱም ለራስሽም ከዚያ ቅጂ። የፔርሙስ ቡና እንደ ጀበናው አይሆንም፤ ይገባቸዋል። የጋገርሽውን ዳቦ ቁረሺላቸው። አያታቸው ምን ትበላ እንደነበር፣ ማን ከማን እንደሚወለድ ይነሳል። ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሰዎቼ ስለ ዘመዶቻቸው ብዙውን ነገር የሰሙት በእንዲህ ያለ ቅዳሜ ነው።

ሰዓቱን ከእስራኤል ጋር አታመሳክሪ። እዚህ ፀሐይ የምትገባበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለወጥም፤ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ከ50 ድረስ ነው። ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ነሽ፤ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። ሻማውን ከ18 ደቂቃ በፊት የምታበሪ ከሆነ 11 ሰዓት ከ40 ላይ ዝግጁ ሁኚ። ጨለማው እዚህ ድንገት ነው የሚወርደው። እንደ ነታንያ ቀስ ብሎ አይመሽም። የስልክሽን የሰንበት ሰዓት ሰንጠረዥ አዲስ አበባ ላይ አድርገሽ፣ የሦስቱን ሳምንት ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊው።

ሌላም ነገር ልበልሽ። አንቺ ከዚህች ከተማ የወጣሽው በሰንበት ነው። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓርብ ነበር። ቤተ እስራኤልን ወደ እስራኤል የሚወስዱት አውሮፕላኖች ዓርብና ቅዳሜ ሲመላለሱ ዋሉ አደሩ፤ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዘ። ነፍስ ለማዳን ነውና ሰንበት ላይ ተበረረ። ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስድስት ዓመትሽ ስለነበር አታስታውሺው ይሆናል፤ እናትሽ ግን ያስታውሳሉ። ሻንጣሽን ከመዝጋትሽ በፊት ጠይቂያቸው፦ ያን ዓርብ ጠዋት ለሰንበት ምን እየሠሩ ነበር? የነገሩሽን እዚህ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ሥሪው።